ዓይን የሌላቸው አራት ሥሮች

ለናፈቅሽኝ ታላቅ እህቴ ለሙሪየል፣

በመካከላችን የተኛውን ባሕር ሁሉ የሚያክል ሰላምታ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን አለሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመም ዘንድሮስ ተወሽ ወይ? እናንተ ዘንድ፣ ሆባርት፣ አሁን ቅጠል የሚረግፍበት ጊዜ መሆኑን አባባ በየቀኑ ይነግረኛል፤ እኔም አዲስ ወሬ እንደሰማ ሰው ራሴን እነቀንቅለታለሁ። ባለቤትሽ ትሬቨር እንዴት ነው? ልጆቹስ? ጃኒስ ፈተናዋን አለፈች? ትንሹ ኮሊን ጥርሱን ነቀለ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። የአባባ ሳል በብርዱ ወራት ጠንቶበት ነበር፣ አሁን ቀለል ብሎታል። ዓይኑ ግን እየባሰበት ሄዷል፤ ጥላ ያያል እንጂ መልክ አይለይም። እኔን የሚያውቀኝ በእግሬ ኮቴ ነው።

ይህን ደብዳቤ ልጆቹ በሌሉበት አንብቢው። የምጽፍልሽ የበደል ወሬ ነው፤ በዳይዋ እኔ፣ የተበደላችሁት ደግሞ አንቺና አባባ። ሳልነግርሽ ብትመጪ ፊትሽን ማየት ስለማልችል ነው የምጽፈው።

በመስከረም እመጣለሁ ያልሽበት ደብዳቤ የደረሰን በየካቲት መጀመሪያ ነው። ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ገና መመለሴ ነበር፤ ካፖርቴን ሳላወልቅ አነበብኩለት። ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩለት። ሦስተኛ አስነበበኝና ከእጄ ተቀብሎ፣ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዲያ በመንደሩ ያልሰማ የለም። ዳቦ ቤት ነገረ፤ ቤተ ክርስቲያን ነገረ፤ የጓሮ ጎረቤታችንን ሚስተር ሃርቦትልንማ በቀን ሁለት ጊዜ ነገረው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልክድም፤ ግን ደስታዬ ሦስት ቀን አልሞላም። አንቺ ከሄድሽ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የአጃ ገንፎውን የማበስለው፣ ሳሉ ሲያፍነው ጀርባውን የምደግፈው እኔ ነኝ፤ ፊቱ እንደዚያ ሲበራ ያየሁት ግን ላንቺ ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? እኔ ያ ጠበል ሆኛለሁ።

ዳሊያ ስለምትባለው ስለዚያች ጥቁር ቀይ አበባ ጽፌልሽ ነበር፣ አባባ ከአራት ዓመት በፊት ራሱ ከዘር ስላበቀላት። በማንም ጓሮ የለችም። መሐሏ ከሰል ሊመስል ምንም አይቀረው፣ ጫፍ ጫፏ ደግሞ እንደ ፍም ነው። ለማንም አንዲት ሥር አልሰጠም፤ ስም እስካወጣላት ድረስ ለአበባ ውድድሩም አላቀርባትም ብሎ ደብቆ አቆያት። በበጋ ባልዲውን ከቧንቧው እስከ ጓሮው ጫፍ የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ቀንድ አውጣውን ከቅጠሏ ላይ የለቀምኩላት እኔ ነኝ። አፌን ሞልቼ አልጠየቅሁትም፤ ግን በልቤ፣ ሞኝ ብትይኝም፣ የእኔን ስም እንደሚያወጣላት እርግጠኛ ነበርኩ።

በየካቲት ማለቂያ የአበባ ማኅበሩ በመንደሩ አዳራሽ ሲሰበሰብ አባባ ዘንጉን ተደግፎ ተነሳ። «ዘንድሮ አዲስ ዳሊያ አቀርባለሁ። ስሟ ሙሪየል ነው። ልጄ ከዓለም ጫፍ መጥታ በመስከረሙ ውድድር ላይ በዓይኗ ታያታለች» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሚስተር ሃርቦትልን ታውቂው የለ፣ አፉ አያርፍ፤ «ኧረ ዊልፍሬድ፣ ባልዲ ስትሸከም የከረመችው ሌላዋ ልጅህስ?» አለው። ሰው ሳቀ። አባባም አብሮ እየሳቀ፣ «ኢኒድማ አለች፤ የት ትሄዳለች?» አለ። እኔ ከኋላ ሻይ ላድል ቆሜያለሁ። ማንቆርቆሪያው በእጄ ነበር። ቀዳሁ። ለሁሉም አንድ በአንድ ቀዳሁ፤ ላንቺ ላጨበጨቡት ሁሉ።

በመጋቢት ሁለተኛ ሳምንት እንደ ልማዳችን ሥሮቹን ከደረጃው ሥር፣ ከአሸዋ ሣጥናቸው አወጣን። ሥራውን አትረሺውም፤ ውርጩ እስከ ግንቦት ማለቂያ ስለማይታመን ሜዳ ላይ መትከል አይቻልም፣ እስከዚያ በሸክላ ካልተጀመሩ ደግሞ ለውድድሩ አይደርሱም። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጋዜጣ አለበስኩት። አባባ አፈሩን በእጁ እየጨበጠ፣ እንዳይፈርስም እንዳይንጠባጠብም አድርጎ አራሰው። ሥሮቹን ከፋፍሎ መቁረጡን ለእኔ ተወልኝ። «የኔ ዓይን የሥሩን ዓይን ማየት ትቷል» ብሎ በራሱ ሳቀ። የዳሊያ ሥር ምንም ቢወፍር፣ ቡቃያ የምታወጣዋን ዓይን ከአሮጌው ግንድ ጋር ይዞ ካልተቆረጠ፣ ውኃ ብታጠጪው ፀሐይ ብታሞቂው ከንቱ ነው። አይበቅልም።

አሥራ ሁለቱን ዓይነት በሥርዓት ከፈልኩ። በመጨረሻ በስምሽ የተጠራችውን አነሳኋት። ያለችው ያቺው አንዲት ዘለላ ብቻ ናት። ዓይኖቿ ቀላ ቀላ ብለው፣ ምስር አክለው ይታዩኝ ነበር። ሙሪየል፣ እጄ አልሳተም። አራቱን ወፋፍራም ሥሮች ከአንገታቸው ዝቅ አድርጌ ቆረጥኳቸውና ዓይኖቹ ያሉበትን ግንድ ከድንች ልጣጩ ጋር ባልዲ ውስጥ ጣልኩት። «እንዴት ናቸው?» አለኝ። «አራት ወጡ፤ የሚያማምሩ ናቸው» አልኩት። አራቱን በአራት ሸክላ ተከልኳቸው። አባባ በአራት እንጨት ስንጣሪ ላይ፣ ፊደሉ እየተጋደመበት፣ አራት ጊዜ ስምሽን ጻፈ። እኔም ባልዲውን ይዤ ወጣሁና ጓሮው ጫፍ ባለው የጥራጊ ክምር ላይ ደፋሁት፤ ሣር ደረብኩበት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ብደብቅሽ የቀረውም ሐሰት ይሆናል። በየበሩ «ሙሪየል እንዴት ናት፣ በቀለች ወይ?» ሲሉኝ «ገና ናት» እያልኩ ፈገግ እል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሌሎቹ ሸክላዎች ሁሉ አረንጓዴ አወጡ፤ አራቱ ዝም። አባባ ከጓሮው የመስታወት ችግኝ ቤት አምጥቶ ምድጃው አጠገብ ደረደራቸውና ወንበሩን አስጠጋ። ጠዋት ስወጣ ጣቱ አፈሩ ላይ ነው፤ ስመለስም እዚያው ነው። «ኧረ ተነሽ እንጂ ልጄ» ይላታል። «ከሆባርት ገና አልተነሳችም መሰለኝ» እያለ ሊያስቀኝም ይሞክር ነበር። በአራተኛው ሳምንት ቀልዱን ተወ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስተር ሃርቦትል ብቅ አለና አራቱን ሸክላ አይቶ፣ «ውኃ አብዝተህ አሰጠምካት አይደል አንተ ሽማግሌ?» አለው። አባባም፣ «አሸዋው ሳይረጥብብኝ አልቀረም። ጥፋቱ የራሴ ነው። አርጅቻለሁ እኮ ወንድሜ። ዘንድሮ ስሜን ከውድድሩ አሰርዝልኝ» አለ። ሚስተር ሃርቦትል ቆቡን እያሻሸ ወጣ። አስቢው፣ አባባ ከዚያ ውድድር ቀርቶ አያውቅም፤ እማማ በሞተች ሳምንት እንኳ አበባውን በሰው ልኳል። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው ሲል ሰማሁ። ውኃው በረዶ እስኪሆን ድረስ እጄን ከውስጡ አላወጣሁም፤ ግን ያኔም አልተናገርኩም።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከገበያ ስገባ ሸክላዎቹ ባዶ ሆነው ተደርድረዋል። አባባ አራቱን ሥሮች አጥቦ ጋዜጣ ላይ አስተኝቷቸዋል፤ አውራ ጣቱን በአንገታቸው ላይ እያስኬደ ነው። «ቁጭ በይ» አለኝ። ተቀመጥኩ።

«ሥር መክፈል ካስተማርኩሽ ስንት ዓመት ሆነ?»

«ሠላሳ ይሆናል» አልኩት።

«በሠላሳ ዓመት አንዲት ዓይን ስተሽብኝ አታውቂም። ዛሬ አራቱንም?»

ውሸቱ አፌ ላይ ነበር፤ አልወጣ አለኝ። «አልሳትኩም አባባ። አውቄ ነው» አልኩት። «ለምን?» አለ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ያን ጊዜ የታፈነው ሁሉ ገነፈለ። በአዳራሹ የተናገረውን መልሼ ነገርኩት። ሊዮናርድ ተጋብተን ካናዳ እንሂድ ሲለኝ፣ አንቺ ሄደሽ እማማም አልጋ ላይ ስለነበረች ብቻ መቅረቴን ነገርኩት። ሊዮናርድ ከሌላ ጋር መሄዱን ታስታውሺያለሽ። «በዚህ ቤት መኖሬ የሚታወቅህ ገንፎው ሲያር ብቻ ነው! እሷ በዓመት ሦስት ወረቀት ልካ አበባ ይሰየምላታል» ብዬ ጮህኩ። አዎ፣ እንዲህ ብያለሁ፤ ያልኩትን አልቀነስኩልሽም።

አባባ አንዱን ሥር አንስቶ በጣቱ ዳሰሰው። በኋላ፣ «ስለዚያ ሰው አውቅ ነበር» አለኝ። «መቅረትሽን ስሰማ ደስ አለኝ። በደስታዬም አፈርኩ። ላመሰግንሽ ስል፣ ያጣሽው ትዝ ብሎሽ ብድግ ብለሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ። ፈራሁና ዝም አልኩ፤ ዝም እንዳልኩም ቀረሁ። ሙሪየል አንዴ ሄዳለች፤ ስሟን ብጠራ የማጣው ነገር የለም።» እኔ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። እሱ ግን፣ አባባ አባባ ነውና፣ ዘንጉን እየፈለገ፣ «በይ ልቅሶውን ተይውና ግንዱን የት ነው የጣልሽው?» አለኝ።

ዝናብ ያካፋ ነበር። እሱ ባልዲውን ያዘ፣ እኔ ተንበርክኬ ክምሩን በእጄ ቆፈርኩ። ስድስት ሳምንት ሊሞላው ነው እኮ፤ ምን ይገኛል ብዬ ነበር። ነገር ግን ክምሩ ከውስጡ ገና እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል። ግንዱን አገኘሁት። ግማሹ እጄ ላይ ፈረሰ፤ በአንድ ጎኑ ግን ጣት የማታህል ቀጭን ሥር ነበረች፣ ከአናቷም ሁለት ነጫጭ ቡቃያ እንደ ክር ወጥተዋል። «አምጪው» ብሎ ዳሰሳቸው። «ሁለት ናቸው» አለ፤ ደግሞ ዳሰሰና «ሁለት ናቸው፣ አንቺ ልጅ!» አለ። ራሱ በሸክላ ተከላት። ዛሬ ስምንተኛ ቀኗ ነው፤ ነጩ ወደ አረንጓዴ ዞሯል። ሚስተር ሃርቦትል ለመስከረም አትደርስም ይላል፤ አባባ ደግሞ ትደርሳለች ብሎ ስሙን ውድድሩ ላይ መልሶ አስጽፏል። እንዴት እንደጠፋችና እንዴት እንደተገኘች ግን ለማንም አልተናገረም።

ከተከላት በኋላ አዲስ የእንጨት ስንጣሪና እርሳስ ሰጠኝ። «የፈለግሽውን ስም ጻፊባት» አለኝ። እስካሁን አልጻፍኩም። የራሴን ልጽፍ ስነሳ ለምኜ ያገኘሁት መስሎ ይታየኛል፤ ያንቺን ልጽፍ ስል እጄ እምቢ ይለኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ። ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ አባባ ዛሬም ጠዋት ያንቺን ደብዳቤ ከኪሱ አውጥቶ አንብቢልኝ ሲለኝ ሳህኑን አጥቤ እስክጨርስ አስጠበቅሁት። ቢሆንም አነበብኩለት።

አንድ የቆረጥኩት ነገር አለ። ውድድሩን አብረን እናያለን፤ በማግስቱ እኔ ባቡር ላይ እወጣለሁ። ከሥራ ባልደረባዬ ከቤሪል ጋር ዊትቢ ባሕሩ ዳር ለአሥር ቀን ክፍል ይዘናል። ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሥራ ከገባሁ ወዲህ ፈቃድ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አለቃዬ የታመመ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም፣ እህቴ ትመጣለች አልኳት። ስለዚህ ገንፎውን አንቺ ታበስያለሽ፤ እሳቱን ካላሳነስሽው ይይዛል። ጠዋት ሳሉ ሲነሳበት ትራስ ደርቢለት እንጂ ጀርባውን አትምቺው። ለአባባ ነግሬዋለሁ። «ለብርዱ ሹራብ ያዢ» አለኝ።

ለትሬቨር የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ጃኒስንና ኮሊንን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ለኮሊን አያቱ ማዕድን ቆፋሪ ሳለ ከከሰል ጉድጓድ ያወጣው፣ የቅጠል ቅርጽ የታተመበት ድንጋይ እንደሚጠብቀው ንገሪው። ሚስተር ሃርቦትልና ሚስቱ ኤልሲ እንደምን አለሽ ይሉሻል። ቤሪልም ሳታውቅሽ ሰላም ትልሻለች። አባባ አንገትሽን አቅፎ ይስምሻል፤ ምን ብዬ እንደጻፍኩልሽ ግን አልጠየቀኝም፣ አልነገርኩትምም።

መልስ ስትጽፊ አንድ ነገር አደራ። እስከ ዛሬ ካንቺ በመጣው ፖስታ ሁሉ ላይ ያለው የአባባ ስም ነው፤ ከፍቼ የማነበው ግን እኔ ነኝ። የዚህን መልስ «ለኢኒድ» ብለሽ ላኪው። ብትቆጪም ተቆጪና ለእኔ ጻፊልኝ።

ታናሽ እህትሽ ኢኒድ

ብራክንሊ መንደር፣ ደርሃም፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1968 እ.ኤ.አ.