መብራት ብቻ

ኦክላንድ፣ ኦገስት 14 ቀን 2016

ለባሌ ታናሽ ወንድም፣ ለእኔም ለወንድሜ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ዘሐራና ልጆቻችሁስ ደህና ናቸው? ያለፈው እሑድ በሬን ወርውረህ ዘግተህ ከወጣህ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጠዋት ስነሳ ያ እግሬ ያነክሰኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

ልደውልልህ ሦስት ጊዜ ስልኬን አነሳሁና ተውኩት። በስልክ ከሆነ አንተ ታቋርጠኛለህ ወይም እኔ አለቅሳለሁ፤ ሁለቱም አይጠቅመንም። ወረቀት አያቋርጥም። እስከ መጨረሻው ድረስ እንድትታገሠኝ በወንድምህ አፈር ይዤሃለሁ።

እሑድ የመጣኸው በችግር እንደሆነ አውቃለሁ። ሳን ሆዜ ያላችሁበት ሕንፃ ተሸጦ፣ ኪራዩ አልቀመስ ብሎ፣ ካምፐር የሚሉትን ተጎታች ቤት ገዝተህ ሎስ ባኖስ አንድ ሰው ቦታ ላይ ልታቆም ነው። የሚጎትተው ስለሌለህ የወንድሜን የሳሊሕን ፒክአፕ ስጪኝ አልክ። አልሰጥም አልኩህ። ለምን ብትለኝ ሻይ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ። ያን ጊዜ ነው፣ ወንድሜ አፈር ለብሶ መኪናው ይዘንጣል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ጎማ ስታለብሺው፣ ባሌስትራ ስትቀይሪለት አንድ ጆንያ እንኳ ጭኖ አያውቅም፤ ሙሽራ ነው እንዴ? ያልከው። ዘሐራ ኧረ ተው ብላ እጅህን ያዘችህ። እኔ አልተቀየምኩህም። እውነትህን ነው።

መካኒኩ ፍሬምናጦስም እንዳንተው ነው። ኮፋኖውን በከፈተ ቁጥር፣ እትዬ፣ ታንክ ሊስቡበት ነው? ይለኛል። አንድ ጊዜማ፣ ሰው ባሉ ሲሞት ሌላ ባል ያገባል፣ እርስዎ መኪና አገቡ አለኝና ራሱ ደንግጦ መፍቻውን ጣለ። ሳቅኩለት። የኋላውን ባሌስትራ በወፍራም አስቀየርኩ። ካምቢዮው ዳገት ላይ እንዳይግል ዘይቱን የሚያበርድ ትንሽ ራዲያተር ከፊት አስገጠምኩ። የፍሬን ሸራና ዲስክ አራቱንም ጎማ፣ ሁለት ጊዜ። ከኋላ ተሳቢ የሚያዝበትን ጋንጮ ከባድ በሚችል ለወጥኩ። ከመሪው በታች ደግሞ የተሳቢውን ፍሬን የምታዝዝ ትንሽ ሳጥን አለች። እሷን ያስገጠምኩት ወንድምህ በሞተ በአርባኛው ቀን ነው። በዚያ ሰሞን በእግሬ እንኳ በቅጡ አልቆምም ነበር።

ለምን እንደሆነ ዛሬ እነግርሃለሁ።

ወንድምህ ትምህርት ቤት የተወው በአሥራ ሦስት ዓመቱ እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። አሰብ በሚመላለስ ተሳቢ ላይ ረዳት ሆነ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ጎማ የሚያስቆመውን ታኮ ይዞ ከጎማው ጎን እየሮጠ አደገ። አንተም በእሱ እግር ተተክተህ ያንኑ ሥራ ሠራህ። ለመኪና ከሱ የበለጠ ጆሮ ያለው ሰው አላየሁም። እንግሊዝኛ ግን በአፉ እንጂ በዓይኑ አልገባለትም። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ለወንድሙ ነው የምናገረው።

እኔ ደግሞ ነርሲንግ ሆም የአዛውንቶች ልብስ ሳጥብ፣ ከሳሙናው ጀርባ አንድ አንድ ቃል እየለቀምኩ፣ ቀጥሎ ከላይብረሪ የልጆች መጽሐፍ እየተዋስኩ፣ በአራት ዓመት ማንበብ ቻልኩ። አልነገርኩትም። ደብዳቤ ሲመጣ፣ አምጪው እኔ ላንብብልሽ ይላል። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይይዝና የመሰለውን ይነግረኛል። እኔ እሺ እላለሁ። በማግስቱ ከሥራ ቦታ ደውዬ የተሳሳተውን አስተካክላለሁ። የባል ገመና የሚስት ነጠላ ነው እያልኩ ስምንት ዓመት እንዲሁ ኖርኩ። ሁልጊዜ ይሳካልኝ ነበር። ያ ነው ያሞኘኝ።

በ2009 ቤታችንን ባንክ ሲወስደው ያን አሮጌ ካምፐር ገዛ። ያለውን ታስታውሳለህ? ጎማ ያለውን ቤት ደግሞ ይምጡና ሮጠው ይውሰዱት! ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ለመንገዱ ዱዓ ይደረግ ብላችሁ ግቢውን ሞላችሁት፤ አንተ ነበርክ፣ ጓደኛዬ ራውዳ ሳምቡሳ ይዛ መጣች፣ ገረመው የሚባለው ጎረቤታችንም ነበር። የካምፐሩ ገመድ ሰባት እግር ነበረው፤ የፒክአፑ ሶኬት አራት ቀዳዳ ብቻ። ሳሊሕ ከሱቅ የገዛትን ማገናኛ ከማሸጊያዋ ሊያወጣት ሲል ጎረቤታችን ገረመው፣ እስኪ ምን እንደሚል አንብበው ኢንጂነር! አለ። ለጨዋታ ነው ያለው። ሳሊሕ ማሸጊያውን ከፍ አድርጎ ያዘው። ከሁሉም ጋር ይሠራል ይላል አለ። ሰካት። የካምፐሩ መብራት ቦግ አለ፤ ቀኙ፣ ግራው፣ ቀዩ። አጨበጨባችሁ። ዱዓ ሊያደርጉልን የመጡት ሼኽ እጃቸውን ዘረጉ፣ አሚን አልን።

እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው፣ ለመብራት ብቻ ነው፤ የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ አይሆንም፤ ፍሬኑን አያሠራም የሚል ነው። እንደ ሳሙናው ጀርባ ጥርት አድርጌ አነበብኩት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በታናሽ ወንድሙ ፊት፣ እንዴት አፌን ልክፈት? ማታ ቤት ስንገባ እነግረዋለሁ አልኩ። ማታ ደስ ብሎት ነበር፤ አልነገርኩትም። ነገ ዘዴ እፈልጋለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ መንገድ ጀመርን።

እስከዚህ ያለውን ምናልባት አላህም ሰውም ይምረኝ ይሆናል። የቀረውን ግን ለሰባት ዓመት ለብቻዬ ተሸክሜዋለሁ።

የፓቼኮ ዳገት ሳይጀመር ነዳጅ ማደያ ቆምን። ቀትር ነበር፤ ኮረብታው ደርቆ እንደ ገለባ ሆኗል። ነዳጅ ቀድቶ ሲመለስ ሞተሩን አላስነሳም። ከፊቴ ያለውን የመኪናውን መሳቢያ ከፈተና ያችን ማሸጊያ አወጣት። ሳይጥላት አስቀምጧት ኖሯል። እኔን ሳያይ ወደ እኔ ዘረጋት። እስኪ አንቺ እዪልኝ፣ መነጽሬን ረስቼ መጣሁ አለኝ።

ወንድሜ፣ ሳሊሕ መነጽር ኖሮት ያውቃል? ማንበቤን ያውቅ ኖሯል።

ማሸጊያውን ተቀበልኩት። ተመለከትኩት። አንተ ያልከውን ነው የሚለው አልኩና መለስኩለት። ማሸጊያውን መሳቢያው ውስጥ መለሰ። ከዚያ እሺ ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ዳገቱን በደህና ወጣን። ወደ ሐይቁ በኩል ቁልቁለቱ ሲጀምር ካምፐሩ ከኋላ ይገፋን ጀመር። ፍሬኑን ሲረግጥ ሲረግጥ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ጭስ። እግሩ እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ። እንደ ድሮው ማርሹን እያከበደ፣ የመኪናውን ጎን ከመንገዱ ዳር የአፈር ግድግዳ ጋር አፋትጎ አቆመው። እግሬ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው። ዞሮ አየኝ፤ ተርፈናል አለ። ከዚያ ምን ሊያደርግ እንደወረደ አንተ መገመት አያቅትህም። ድንጋይ ሊፈልግ ነው የወረደው። ታኮ ሊያደርግ። አንድ ድንጋይ ከካምፐሩ ጎማ ፊት ሲያስገባ በጎን መስታወት አየሁት፤ እንደ አሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጎንበስ ብሎ። ሁለተኛውን ይዞ ሲዞር ካምፐሩ ወደ ጎን ተንሸራተተና ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ያዘው።

ፖሊስ ሲጠይቀኝ ፍሬኑ እምቢ አለው አልኩ። ለናንተም ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው አልኩ። ቀደር መሆኑን አልክድም። አንተ ግን ያ የተረገመ መኪና እያልክ ስትረግመው ሰባት ዓመት ሰማሁህ። እኔም በየዓመቱ ወስጄ አሠራዋለሁ። መኪናው የሰው ኃጢአት ተሸክሞ ቆሞ ነበር፤ ቢያንስ ባሌስትራው ይወፍርለት ብዬ ነው።

አሁን ስለ እሑድ ልንገርህ። የካምፐሩን ወረቀት ከኪስህ አውጥተህ፣ ይኸው ፍሬኑ ተመርምሯል ይላል ብለህ ስታነብልኝ ልጅህ ሌይላ፣ ኖ ዳዲ፣ ኢት ሴይስ፣ አይደለም አባዬ የሚለው፣ ብላ ጀመረች። ዘሐራ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ልጅቷ አልጨረሰችውም። ዘሐራም ምንጣፉን ምንጣፉን ታይ ጀመር። ያን አስተያየት እኔ አውቀዋለሁ። ምንጣፉ ላይ ምንም የለም። አልሰጥም ያልኩህ ለዚህ ነው እንጂ ለመኪናው ሳስቼ አይደለም።

መኪናው ያንተ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የባለቤትነት ወረቀቱን ፈርሜ አያይዣለሁ። ቁልፉን ግን ለዘሐራ ሰጥቻታለሁ፤ ትናንት ሥራ ቦታዋ ድረስ ሄጄ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ አንተ ትነግራታለህ። የካምፐርህን ወረቀት ከላይ እስከ ታች እሷ ታንብበው፤ በጓደኞችህ ፊት ቢሆንም ታንብበው። መጀመሪያ ፍሬምናጦስ ጋ ውሰዱት፤ የካምፐሩን ፍሬን ጎማውን አውልቆ እንዲያይ ነግሬዋለሁ። ሰባት እግሩን ገመድ ፒክአፑ ላይ አዲስ ባስገጠምኩት ባለ ሰባት ቀዳዳ ሶኬት ስካ፤ ምንም ማገናኛ በመሃል እንዳይገባ። መብራት በራ ብለህ አትመን። በሜዳ ላይ በቀስታ እየሄድክ የሳጥኗን እጀታ ብቻ በጣትህ ጨመቅ አድርጋት። ካምፐሩ ከኋላ ይዞ ካላስቀረህ ንቅንቅ እንዳትል። ቁልቁለቱን ከአናቱ ጀምረህ በከባድ ማርሽ ውረድ። ይህንኑ በአማርኛ ጽፌ ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ ለጥፌልሃለሁ። ሁለት የጎማ ታኮም ከመቀመጫው በስተኋላ አለ፤ ድንጋይ ፍለጋ አትወርድም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ይህን ደብዳቤ አማርኛ ነውና አንተ ጮክ ብለህ ለዘሐራ አንብብላት። ሌይላም ትስማ፤ ባትመልስም ትሰማለች። ስትጨርስ ያን የካምፐር ወረቀት ለልጅቷ ስጣትና እሑድ የጀመረችውን አረፍተ ነገር አስጨርሳት።

ከዚያ በኋላ ፊቴን ማየት ባትፈልግ አልፈርድብህም። መቃብሩ ጋ ስትሄድ ግን እኔ የምቀመጥበትን የግራውን በኩል ተውልኝ።

አላህ መንገዱን ያግራላችሁ። የምታርፉበትን መሬት የሰላም፣ ጎረቤታችሁንም መልካም ያድርግላችሁ። ልጆችህ በፊትህ ደፍረው የሚናገሩ ይሁኑ፣ አሚን።

እውነቱን ሰባት ዓመት ያዘገየሁብህ፣
የወንድምህ ሚስት