የዘሃራ ስም ሳጥን ሆኖ ወጣ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4 (በስልኬ በድምፅ የቀዳሁት)

ዛሬም እዚህ ዓረብ አገር፣ ባጥሐ ሰፈር ያለው ማተሚያ ቤት ዋልኩ። ለባለቤቴ ለዘሃራ የሙት ዓመት ዱዓ በሚታደለው ወረቀት ላይ ስሟ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። እዚህ አገር መቃብር ላይ ስም አይጻፍም፤ ያላት ይሄው ወረቀት ነው።

አታሚ ተብዬው፣ «አባባ፣ ፊደል የሚያስተዳድረው ፕሮግራምና ገጽ የሚሠራው ተጣልተው ነው። አንዱ የከፈተውን ፊደል ሌላው ይዘጋዋል» ይለኛል። ሁለት ዕቃ ማስታረቅ አቅቶት አፉ ግን አያርፍም!

«አንድ በር ለሁለት ዘበኛ ይሰጣል? አንዱን አባር!» አልኩት። ሳቀብኝ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ግን ፊደል አስተዳዳሪውን ፕሮግራም ዘግቶ ፊደሉን ኮምፒውተሩ ላይ ጫነ። ስሟ ወጣ።

«ኸላስ፣ አልቋል፤ ሁሉንም ያንብቡና ይፍቀዱ» አለኝ። ያንን ሁሉ ለማንበብ ሳምንት ይፈጅብኛል። ዘሃራ ያስተማረችኝን የስሟን ሦስት ፊደል በጣቴ ተከትዬ፣ «ደህና ነው፣ አትም» አልኩት።

የቀረውንም ያነበብኩ መስሎታል፣ ጅል።