የአባዬ ስም ቀሪ ዋጋ

ሰኞ፣ ሰኔ 15/90፣ ከቀኑ 9 ሰ.

መዝገብ ስዘጋ ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ኦዲተሩ አዲስ ጣጣ አምጥቷል። አባዬ ዓይኑ ሲደክም ቦሌ ሚካኤል ያለውን ስፌት ቤቱን ለአቶ ግርማ ሸጠ አይደል? ስሙም አብሮ ተሸጧል። ታፔላው ዛሬም «ይማም ልብስ ስፌት» ነው፤ እኔም ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ቀረሁ። ስም የማይዳሰስ ንብረት ነውና አሞርታይዜሽን ይሠራለት ተባልኩ። የተገዛበት ዋጋ ለአምስት ዓመት ተካፍሎ በየዓመቱ ይቀነሳል። አምስት ዓመት ሙሉ ማንም አልሠራውም። በቀን የአንድ ዓመት መዝገብ እያረምኩ ልጨርስ። የመጀመሪያውን ቀነስኩ። ቀላል ሥራ።

ማክሰኞ

ሁለተኛውን ቀነስኩ። አንዲት የድሮ ደንበኛ መጣች፤ የሠርግ ልብሷን የሰፋላት አባዬ ነው። ታፔላውን ቀና ብላ አይታ ይማም ማነው አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ረቡዕ፣ 11 ሰ.

ሦስተኛው። ባለሱቁ ጋሽ ሰይድ ከአባዬ ጋር ከወሎ አንድ ላይ የመጡ ናቸው። ዛሬ መንገድ ላይ አልፈውት ሄዱ። አባዬ እጁን ለሰላምታ እንደዘረጋ ቀረ። እርጅና ነው እላለሁ። ግን ደብተሬ፣ አንቺን አልዋሽም፣ ፈርቻለሁ።

ሐሙስ

አልቀንስም ብዬ ነበር። ኦዲተሩ አጠገቤ ቆሞ አስጨረሰኝ። አራተኛው። ቤት ስገባ እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንግዳው ምሳ አልበላም አለችኝ። የምን እንግዳ? አባዬ ነው! አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ቀኑን ሙሉ የጠራው ሰው የለም። «አባዬ» ስለው ቀስ ብሎ ዞረ። አቅፌው አለቀስኩ።

አርብ፣ 10 ሰ.

አንድ ዓመት ቀርቷል። ከዚያ ዜሮ። አቶ ግርማን ይቅር ብዬ ለመንኳቸው። «ምን ነካሽ ልጄ? ወረቀት እኮ ነው። ስም እንደሆነ ከመቃብር በላይ ይውላል» ብለው ሳቁብኝ። ዛሬውኑ ይለቅ አሉ።

አሮጌ የስፌት መኪና ዋጋው አልቆ እየሠራ ከሆነ አንድ ብር እንተውለታለን፤ ከመዝገብ እንዳይጠፋ። ለስም እንዲህ አይደረግም። እኔ አደርጋለሁ። ኦዲተሩ የፈለገውን ይበል። ቀሪ፣ አንድ ብር። ጻፍኩት።

ከሥር «አዘጋጅ» የሚለው ላይ ስሜን ከነአባቴ መጻፍ ብቻ ነው የቀረኝ። የራሴን ጻፍኩ። ከአባቴ ስም አንዲት ፊደል ወጣችልኝ፤ ሌላው እምቢ አለ። ቆይ፣ አንቺ ላይ ልሞክረው።

ዘይነባ ይ