ማይኩ ዓይን የለውም

ወንድሜ ፀጉር አስተካካዩ፣

ሰላምታህን ወደ ታች ታገኘዋለህ፣ መጀመሪያ ሳቅብኝ። «ፊልምህን እየሠራህ ምን አዘፈነህ?» ብለኸኝ አልነበር? ይኸው የባላገር ዜማን ከሮክ ጊታር ጋር ያጋባሁበትን የመጀመሪያ አልበሜን እየቀዳን ነው። ጊታሩ ሸጋ፣ ከበሮው ሸጋ፣ የጠፋው የእኔ ድምፅ ነው። ለአባዬ የሠራሁትን ዘፈን በጀመርኩ ቁጥር የተዋናይ አመሌ ይነሳና፣ ከስቱዲዮው መስታወት ማዶ ለሚያዩኝ ሰዎች የሚያምረውን ጎኔን አዞርላቸዋለሁ። እንባዬም በሰዓቱ ዱብ ይላል። ድምፅ የምትቀዳው ሴትዮ «ወንድሜ፣ ማይኩ እኮ ዓይን የለውም» አለችና መስታወቱን በጃኬቷ ጋረደችው።

የሚያየኝ ሲጠፋ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። አባዬን በቀበርን ሰሞን ወንበርህ ላይ ተቀምጬ «ደህና ነኝ» ስልህ፣ ፊቴ በእጅህ እያለ ፊቴን አላመንከውም፤ «ድምፅህ እንደዚያ አይልም» ብለህ መላጨትህን ቀጠልክ። በዚያ ድምፅ ዘፈንኩት። ማንም አላጨበጨበም፤ ሴትዮዋ ብቻ ቀስ ብላ «ይኼ ይቀመጥ» አለች።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ቦታ አለቀብኝ። እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፣ ልጆችህንም። እዚህ ጢሜን የላጨኝ ሰውዬ መልኬን አድንቆ አልጠግብ አለ። ያኔ ነው የናፈቅከኝ።