«አዎ፣ እኔ ነኝ» እያለ የሚውለውን ባለቤቴን ስለማስመለስ

ለተከበሩ የበርና መስኮት ማምረቻው ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ድርጅትዎ በቅርቡ የወጣበት ያ ደመናም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ጽኑ ተስፋ አለኝ። የእኛን ጤንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴም ከቀኝ እጁ አውራ ጣት በስተቀር ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ በኢሜይል በመላክ ፈንታ በድርጅቱ የውጭ በር ላይ በመለጠፌና አላፊ አግዳሚው ሁሉ ከእርስዎ ቀድሞ ስላነበበው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደፍሬ አይደለም። በኢሜይል ብልከው ኖሮ፣ እርስዎ ኢሜይልዎን ለመክፈት የባለቤቴን ፈቃድ መጠየቅ ስላለብዎ፣ ሚስት በአለቃው ላይ የጻፈችውን አቤቱታ አለቃው እንዲያነበው የሚፈቅደው ራሱ ባልየው ይሆን ነበር። ሰውዬውን በዚህ ዕድሜው እንዲህ ያለ ፈተና ውስጥ መክተት አልፈለግሁም።

በሩ ላይ ቆሞ ለሚያነብ መንገደኛ ነገሩ እንዳይምታታበት ከሥሩ ላስረዳ። ባለቤቴ የዚህ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ድርጅቱ አንድ ክፍል፣ አንድ መጋዝና አንድ ኮምፒውተር ብቻ በነበረው ዘመን፣ ያንን ኮምፒውተር በራሱ ስም፣ በራሱ ስልክ ቁጥርና በራሱ የይለፍ ቃል የከፈተው እሱ ነው። ቀጥሎ ሻጯ ተቀጠረች፤ ለእሷ ሌላ መግቢያ ከመክፈት የራሱን ሰጣት። ከዚያ የዕቃ ግምጃ ቤቷ ኃላፊ መጣች፣ ከዚያ ልኬት ወሳጆቹ፣ ከዚያ መስታወት ቆራጮቹ። ሁሉም በእሱ ስም ገቡ፤ ፍቅር ስለነበረ አንተ ማን ነህ የተባባለ አልነበረም። ድርጅቱ አድጎ ሁለተኛ መሸጫ ሲከፍትና ኮምፒውተር የሚነካው ሠራተኛ አርባ ሲደርስ፣ አርባዎቹም ባለቤቴ ነበሩ።

እንዲህ ሆነን ባለቤቴ ጡረታ ወጣ። እርስዎ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለው የወንበር ፋብሪካ በደመና ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የሩቅ ኮምፒውተር ላይ፣ የሚሠራ የማንነት አስተዳደር ማስገባቱን ሰምተው እርስዎም አስገቡ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለቴ አይደለም፤ ተረቱ ዝም ብሎ ትዝ ብሎኝ ነው። ሥርዓቱ በራሱ የሚደነቅ ነው፤ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሊከፍት ሲል ወደ ስልኩ «እርስዎ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ይመጣለታል፣ እሱም «አዎ፣ እኔ ነኝ» የሚለውን ተጭኖ ይገባል። ችግሩ ደመናው የሠራተኞችዎን ዝርዝር ሲቀበል ያገኘው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ያ ሰው በዚያን ሰዓት ጓሮ ቲማቲም ይኮተኩት ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ከእርስዎ ጀምሮ እስከ ዘበኛው ድረስ ማንም ኮምፒውተር ሲከፍት ጥያቄው የሚመጣው ወደ ባለቤቴ ስልክ ነው። ከዚህ የተነሣ የደረሱብንን ጥቂት ጸጋዎች፣ ጊዜዎን እንዳላባክን በመስጋት፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ስሜ

የይለፍ ቃሉ ምስጢር መሆኑ በጥብቅ ስለታዘዘ፣ ሁሉም ሰው ምስጢሩን እንዲጠብቅ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ከሻይ ፔርሙዙ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ቃሉ ባለቤቴ ቤት ውስጥ፣ ያውም ሰው በሌለበት፣ እኔን የሚያቆላምጥበት ስም ነው፤ «ድንቡሼ»። ከኋላው የተጋባንበት ዓመት ተቀጥሎበታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ይህን የሰማሁት ከሁሉ መጨረሻ ነው። አንድ ቀን ረስቶት የወጣውን መነጽር ላደርስ ስመጣ፣ መስታወት ቆራጩ ከልቡ አክብሮ ከመቀመጫው ተነሥቶ «እትዬ ድንቡሼ፣ እንደምን ዋሉ» አለኝ። አልተቀየምኩትም፤ እውነተኛ ስሜ መስሎት ነው። የዕቃ ግምጃ ቤቷ ኃላፊ ግን ከዓመተ ምሕረቱ ተነሥታ ዕድሜዬን አስልታ ኖሮ «አይመስሉም እኮ» ብላ አጽናናችኝ።

ደመናው ሲመጣ ይህን የይለፍ ቃል መርምሮ «ደካማ ነው» የሚል ብይን ሰጠ። ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ይህን ሁሉ ክረምትና በጋ የዘለቀን ስም ደካማ ሲል የሰማሁት እሱን ብቻ ነው። ባለቤቴ ትእዛዝ አክባሪ ነውና መጨረሻው ላይ አንድ ቃለ አጋኖ ጨመረበት። አሁን አርባ ሰው በየማለዳው በቃለ አጋኖ እየጠራኝ ሥራውን ይጀምራል። ስለ አክብሮቱ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪. ስለ ባለቤቴ የዕረፍት ጊዜ

ባለቤቴን ሲሸኙት «ከእንግዲህ እንደ ልብዎ ይረፉ» ብለው ባማረ ንግግር የግድግዳ ሰዓት ሸልመውታል። ነገሩ ግን አልሸሹም ዞር አሉ ሆነ። ሰዓቱንም ቀና ብለን ማየት አላስፈለገንም፤ ሁለት ሰዓት መሙላቱን ስልኩ ይነግረናል። ሻጯ ልትገባ፣ አውራ ጣት። ልኬት ወሳጁ ሊገባ፣ አውራ ጣት። ሻይ ሊጠጡ ተነሥተው ሲመለሱ ኮምፒውተሩ ተቆልፎ ይጠብቃቸዋልና እንደገና አውራ ጣት። ባለቤቴ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞት ገላውን ይታጠባል። ፀጉር አስተካካዩም ለምዶታል፤ መቀሱን አንሥቶ ይጠብቀዋል።

ባለፈው የጎረቤታችን ቀብር ላይ፣ ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጸጥ ባለበት፣ ስልኩ ጮኸ። ባለቤቴ ከመቃብሩ ራስጌ እንደቆመ ማንነቱን አረጋገጠ። የሟች ወንድም እስከ ዛሬ ቀና ብሎ አያየውም። ነገሩ ልማድ ሆኖበት ቤት ውስጥም ዘልቋል፤ ማሩን ማን ጨረሰው ብዬ ስጠይቅ ገና ቃሌን ሳልጨርስ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይላል። ማሩን የጨረስኩት እኔ ነኝ።

፫. ስለ ትጋቱ

በዓመታዊው ስብሰባችሁ ላይ የዓመቱን ትጉህ ሠራተኛ ለመምረጥ ደመናውን እንደጠየቃችሁት ሰምቻለሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ በሁለቱም መሸጫ፣ በማምረቻው፣ በዕቃ ግምጃ ቤቱና በእርስዎ ቢሮ የሚገኝ፣ ምሳ የማይበላ፣ እሑድ የማያርፍ አንድ ሠራተኛ ተገኘ። ሲያጨበጭቡለት እሱ ችግኝ ያጠጣ ነበር። ሽልማቱ በቦታው ለተገኘ ሌላ ሰው መሰጠቱም ተገቢ ነው እላለሁ።

፬. ስለ «የሚቀጥለው ሳምንት»

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ጨዋ ልጅ ናት፤ የወላጆቿን ደግነት ከፊቷ ላይ ማንበብ ይቻላል። ቤታችን ድረስ መጥታ አፍራ ተቀምጣ ነገሩን አስረድታኛለች። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያ በራሱ ስምና ስልክ መክፈት፣ የባለቤቴንም ሥልጣን ተቀብሎ እሱን ማሰናበት የአንድ ከሰዓት ሥራ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። እርስዎን በጠየቀችዎ ቁጥር ግን መልስዎ «የሚቀጥለው ሳምንት» መሆኑንም አልደበቀችኝም። ደመናው የሚያስከፍለው በሰው ቁጥር ነው አሉ፤ አርባ ሰው በአንድ ሰው ስም እስከገባ ድረስ የምትከፍሉት ለአንድ ሰው ነው። እርስዎም «ጋሼ እየተጫኑልን ምን ያስቸኩለናል» አሉ።

እውነት ነው፣ ምንም የሚያስቸኩል የለም። በመንገዱ ላይ ያሰቀላችሁት ትልቁ ማስታወቂያ «እያደግን ነው» ይላል፤ ደመናው ዘንድ ግን ድርጅታችሁ ዛሬም አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ነው። ስለ ደመናው ጥቅም ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፤ ደኅንነት ነው፣ ቅልጥፍና ነው ይላሉ። እኛ ቤት ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖብናል።

፭. ስለ ልጅ ልጃችን

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወውና እንደ እናት ልናገር። የመጨረሻ ልጃችን አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከሐይቁ ማዶ፣ የስልክ ኔትወርክ በማይደርስበት ጤና ጣቢያ ትሠራለች። እዚያው ወለደች፤ ወንድ ልጅ፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጃችን ነው። ወደ ከተማ የሚወጣ ሰው ስታገኝ ስልኳን ትሰጠውና ፎቶው ይደርሰናል። ሲወለድ እንሄዳለን አልን፤ የእናንተ የዕቃ ቆጠራ ነበር። ጥርስ ሲያወጣ እንሄዳለን አልን፤ የእናንተ የዓመቱ ሒሳብ ይዘጋ ነበር። አሁን ልጁ ቆሞ ለመሄድ ይውተረተራል፤ ባለቤቴ ግን አላየውም። ሊያየው ይሞታል፤ ነገር ግን «አርባ ሰው ደጅ ላይ አቁሜ ኔትወርክ ወደሌለበት እንዴት እሄዳለሁ» ይላል። በር የሚሠሩ አርባ ሰዎች በእሱ ምክንያት ደጅ ላይ እንዲቀሩ ኅሊናው አይፈቅድለትም።

ባለፈው እሑድ አዲስ ፎቶ መጣለት። ልጁ አንድ እጁን ግድግዳ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ግንባሩ ቁርጥ የባለቤቴ ነው። ባለቤቴ መነጽሩን ጠርጎ፣ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ገና አይቶ ሳይጠግብ፣ ያ ጥያቄ መጣና የልጁን ፊት ሸፈነው፤ «እርስዎ ነዎት?»። ከእናንተ አንዱ እሑድ ገብቶ ነበር። ባለቤቴ ተጫነ፤ የልጁ ፊት ተመለሰ። ወዲያው ደግሞ ሸፈነው። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ ብዬ አይደለም፤ እንዲያውቁት ያህል ነው።

በነጋታው ሄጄ ሐሙስ ማለዳ በሚነሣው አውቶቡስ ሁለት ቦታ ያዝኩ። ቲኬቱን ሳሳየው መጀመሪያ ያየው ስልኩን ነው።

እንግዲህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ከሐሙስ በፊት ለዚያች ልጅ የጠየቀችዎትን አንድ ከሰዓት ይስጧት። ሻጯ ሻጭ ሆና ትግባ፤ መስታወት ቆራጩም መስታወት ቆራጭ ሆኖ ይግባ፤ እርስዎም፣ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ ራስዎን ሆነው ይግቡ። ከሐይቁ ማዶ ያለው ልጅ አያቱን አያውቅም። ደጃፉ ላይ ሲደርስ፣ አንተ ደግሞ ማን ነህ በሚል ዓይን ቀና ብሎ ያየዋል። ባለቤቴ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ማለት ያለበት ያን ጊዜ ነው።

ምስጋናዬንም ሳላቀርብ አላልፍም። ባለቤቴን በጡረታው እንዳይሰለች ስላደረጉልኝ፣ የቁልምጫ ስሜን ከማጀት አውጥተው እስከ ደመና ስላደረሱልኝ፣ በሽምግልና ዘመኔም የአርባ ሰው ሚስት ስላደረጉኝ ውለታዎን ከፍዬ አልጨርሰውም። ድርጅቱ ሲመሠረት ቢሮዎ የገባችው የመጀመሪያዋ ወንበር ከእኔ የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ የተነሣች እንደነበረች ያስታውሱ ይሆናል። ወንበሯን መልሱልኝ ብዬ አላውቅም፤ አሁንም አልልም። ባለቤቴን ግን ይመልሱልኝ።

ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አያውቅም። ማን ጻፈው ብለው የጠየቁት እንደሆነ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይልዎታልና እንዳያምኑት አደራ።

ድርጅትዎ እንዲሰፋ፣ በሮችዎ ለገዢዎችዎም ለእርስዎም እንዲከፈቱ ዘወትር የምትመኝ፣ ለደመናውም የላቀ አክብሮት ያላት፣

ስሟ ግድግዳችሁ ላይ የሚገኘው የጡረተኛው ሚስት

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ስንሄድ ስልኩም አብሮን ይሄዳል፤ ያየነውን ልጅ ፎቶ የሚያነሣ ሌላ ስልክ የለንም። ደግሞም ልረሳው ነበር፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲሄድ ስልኩን አስገድጄ አስቀርቼበት ነበር። ገና ከበር እንደወጣ ከእርስዎ ቢሮ ጥያቄ መጣ፤ «እርስዎ ነዎት?» ይላል። መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ከኅሊናዬም ጋር ተማከርኩና ከታች ያለውን፣ እስከ ዛሬ ማንም ነክቶት የማያውቀውን፣ «አይ፣ እኔ አይደለሁም» የሚለውን ተጫንኩት። ኮምፒውተርዎ ከዚያ ወዲህ አልከፈት ብሎዎት ከሆነ፣ ተበላሽቶ እንዳይመስልዎ፤ እውነቱን ነግሬው ነው።