የሐኒፋ ጣፋጭ

ልጄ ሩመይሳ፣ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ የአሜሪካንንም ብርድ ያቅልልሽ። እኛ ካራቺ ደህና ነን፤ አባትሽን ብቻ ጉልበቱን እንደ ልማዱ ያመዋል። ለመሆኑ ምሳ ትበያለሽ?

ከሙስሊም ተማሪዎች ጋር ለጥቁሮቹ መብት ሰልፍ የወጣሽበት ፎቶ ደረሰን። እኔ ከኋላሽ ፖሊሱን ሳይ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። አባትሽ ግን መስጊድ ድረስ ይዞት ሄዶ «የኔ ልጅ ናት፤ አላህ ዘንድ ጥቁር ነጭ የለም» እያለ ላገኘው ሁሉ አሳየ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ሐኒፋ እህትሽን ናሂድን ለልጇ ለያቁብ ለጋብቻ ልትጠይቅ አንድ ሳጥን ጣፋጭ ይዛ መጣች። ያቁብን ታውቂዋለሽ፤ ወደብ ላይ የሚሠራው፣ ሶላት የማያልፈው። ናሂድም ወዳዋለች። አባትሽ ግን «ዘራቸው ከአፍሪካ ነው፤ ሰው ምን ይለናል? ሳጥኑ ሳይከፈት ይመለስ» አለ።

«ፎቶውስ?» አልኩት።

«እሱ አሜሪካ ነው» አለኝ።

ግራ ገባኝ ልጄ። እዚያ ያኮራው እዚህ ለምን ያሳፍረዋል? ጓዳ ቁጭ ብዬ ይህን ሳሰላስል፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሳጥኑን ከፍቼ አንዷን ጎረስኩ። የተቀመሰ ጣፋጭ ደግሞ አይመለስም፤ እሺ ብለናል ማለት ነው።

አባትሽ ገና አልሰማም። እባክሽ ደውይና አንቺ ንገሪልኝ። አላህ አንደበትሽን ያጣፍጠው።

እናትሽ ሰፊያ