ወተቱ ውስጥ የተገኘው ሰው

ኅዳር 3
ዛሬም ወተቱ ውስጥ ሰው ተገኘ። የላም ወተት ፕሮቲን ልንለካ ገብተን ማሽኑ የሰው ቆዳ ያሳየናል። በሦስት ሳምንት አራተኛ ጊዜ። ኬራቲን ነው... ቆዳችንንና ጥፍራችንን ያቆመው ፕሮቲን። ከአንዳችን ይረግፋል፣ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፣ ሥራው ገደል ይገባል።

አለቃችን ዶክተሩ ሰበሰቡን። "ላሟ ሰው አይደለችም" አሉ። የተቃወመ የለም።

ከዚያ እጄን አዩ። ሁሉም አዩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚላጥ እጅ፣ የት ልጣለው? የማሽኑ ሰውዬ፣ "እባብ እንኳ ቆዳውን የሚጥለው አልፎ አልፎ ነው፤ አንቺ በየቀኑ" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሌላ ምን ይደረጋል...

ኅዳር 5
ማስታወቂያ ተለጠፈ። "ቆዳው የሚረግፈው ሠራተኛ በምርመራ ተለይቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል።" ፊርማ፣ ማኅተም። ስቶሩን አውቀዋለሁ። መስኮት የለውም። የተሰበሩ ወንበሮች አሉት። አሥራ አንድ ዓመት ላብራቶሪ ሠርቼ ወንበር ልጠብቅ?

ኅዳር 9
ከውጭ ያዘዝነው መለኪያ መጣ። በበረዶ ተከብቦ፣ ከእኔ የተሻለ ተጠቅልሎ። የሰው ዘረ-መል ባክቴሪያ ውስጥ ገብቶ፣ ባክቴሪያው የሠራው የሰው ቆዳ ኬራቲን። ንጹሕ፣ መጠኑ የታወቀ። ሚዛን ላይ እንደሚቀመጥ የኪሎ ብረት ማለት ነው፤ የእኛን ርጋፊ በእሱ እንለካለን።

ለእናቴ በስልክ ነገርኳት።
"ባክቴሪያ የሰው ቆዳ ሠራ ነው የምትዪኝ?"
"አዎ እማ።"
"ታዲያ እጅሽን አትቀቢውም?"
"'ለምርምር ብቻ፣ ለሰው አይደለም' የሚል ተጽፎበታል።"
"ከሰው ተቀድቶ ለሰው ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው... ለላሟ?"
ጽሑፉን ደግሜ አነበብኩት። አሥራ አንድ ዓመት ላብራቶሪ ሠርቼ።

ኅዳር 12
የዶክተሩ ዘዴ፦ ንጹሕ ውሃ ያለበት ብልቃጥ ይከፈታል። አንድ ሰው ብቻውን አጠገቡ አንድ ሰዓት ይሠራል። ብልቃጡ ይታሸጋል። ነገ ተረኛው። ማንም ያልደረሰበት አንድ ብልቃጥ ደግሞ ለማነጻጸሪያ ይቀመጣል፤ እሱም አንድ ሰዓት ክፍት ሆኖ። "ባዶው" አልነው።

ባዶውን ማን ይጠብቅ? "እኔ፣ ቢሮዬ፣ ጠረጴዛዬ ላይ" አሉ ዶክተሩ። "እዚህ ቤት የሚታመን ሰው ጠፍቷል።"
እርስዎስ አይለኩም ወይ? አልኳቸው... በሆዴ።

ኅዳር 13
ተራዬ። በጓንት ላይ ጓንት፣ ቆብ፣ ማስክ፣ እስከ ክርኔ ቅባት። አንድ ሰዓት ሙሉ አላከክሁም። አፍንጫዬን በላኝ። ግንባሬን በላኝ። የሌለኝን ጢም ሳይቀር በላኝ።

ኅዳር 14
ስቶሩን ሄጄ አየሁት። አንዷ ወንበር ትጠገናለች።

ኅዳር 17
ውጤት። የማሽኑ ሰውዬ አንዴ አሠራው። ደገመው። ሠለሰው።
የእኔ ብልቃጥ ከሁሉም ንጹሕ። የእሱ ከእኔ እጥፍ። ባዶው... ከሁላችንም ድምር በላይ።
"ማሽኑ ተበላሽቶ ነው" አለ።
"መለኪያውን ልክ አነበበ?"
"ልክ።"

ሁለታችንም ወደ ዶክተሩ ቢሮ በር አየን። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ፣ ድንጋይ። ዶክተሩ ሲያስቡ ጢማቸውን ያካሉ። ቢሮ ውስጥ ብዙ ያስባሉ። እኛ ጋም ያለ ጓንት ይገቡና "የት ደረሰ?" እያሉ ብልቃጦቹ ላይ ጎንበስ ብለው ያስባሉ። እንዴት እስከ ዛሬ አልታየንም?

"እኔ አልነግራቸውም፤ ልጆች አሉኝ። ማሽኑ ላይ እናሳብበው" አለ የማሽኑ ሰውዬ።
የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። እምዬ ደግሞ እኔ ነኝ። ማሽኑ ተሳሳተ ከተባለ የእኔም ንጽሕና አብሮ ተሰረዘ፤ የሚቀረው እጄ ነው።

ኅዳር 18
ሪፖርቱን ጻፍኩ። "ከፍተኛው ኬራቲን የተገኘው ጠረጴዛው ላይ ነው።" ጠረጴዛው ጢም እንዳለው አልጻፍኩም። ይዤላቸው ገባሁ።
አነበቡ። ጢማቸውን አከኩ። እጃቸው መሀል ላይ ቆመ። ነጭ ነገር፣ ብን ብሎ፣ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ሁለታችንም አየነው።
"ሂጂ" አሉ፣ ቀስ ብለው።
የትኛው ሂጂ ነው? ወደ ሥራሽ? ወደ ስቶር?

ኅዳር 24
የድሮው ማስታወቂያ ተነሣ። አዲሱ፦ "የኃላፊው ጠረጴዛ ለሥራ ምቾት ሲባል ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውሯል።" ጠረጴዛው ብቻውን አልሄደም። ያቺን ወንበር አሳየኋቸው።

ታኅሣሥ 2
ዛሬ ወተቱ ውስጥ ወተት ተገኘ።

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ይህ በር ተንኳኩቶ አያውቅም። ዶክተሩ ናቸው፤ በቆብ፣ በጓንት፣ ጢማቸውን በማስክ ሸፍነው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።
"ውጤቱን አየሁት። ጥሩ ነው።"
"አመሰግናለሁ ዶክተር።"
አልሄዱም። ግራ ቀኝ አዩ።
"ያ... እጅሽን የምትቀቢው... ምንድን ነው እሱ?"
ከመሳቢያዬ አዲሱን ቅባት አውጥቼ ሰጠኋቸው። ገልብጠው ጽሑፉን ፈለጉ፤ ያለ መነጽር አልታያቸውም።
"ለሰው ነው?" አሉ።
"ለሰው ነው" አልኳቸው።